«ቁም! ማነህ?» የመኪና ቁልፍና የሌባ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 በእንግሊዝ አገር የዌስት ሚድላንድስ ፖሊስ አንድ አጭር ቪዲዮ ለሕዝብ አሰራጨ። በሶሊሀል ከአንድ መኖሪያ ቤት ደጃፍ መርሴዲስ መኪና ቆሟል። ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፤ የሣጥን ቅርጽ ያለው ዕቃ ይዘዋል። አንዱ መኪናው አጠገብ ይቆማል። ሌላው ወደ ቤቱ ተጠግቶ ዕቃውን በበሩና በግድግዳው ትይዩ ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል፤ የጠፋ ነገር በዳበሳ የሚፈልግ ይመስላል። ብዙም ሳይቆይ የመኪናው በር ተከፈተ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ሄደ። ሁሉም ነገር የፈጀው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። የተሰበረ መስታወት የለም፤ የተፈለቀቀ በር የለም። ቁልፉ ቤት ውስጥ ነበር።

ቪዲዮውን ያየ ሰው በሌቦቹ ብልጠት መገረሙ አይቀርም። ይበልጥ የሚገርመው ግን መኪናው ነው። አልተበላሸም። እንዲጠይቅ የተሠራውን ጥያቄ ጠየቀ፤ ትክክለኛውን መልስ ከትክክለኛው ቁልፍ ተቀበለ፤ በሩን ከፈተ። ስህተቱ ያለው ከጥያቄው ላይ ነው። በጦር ሠፈር በር ሌሊት የቆመ ዘብ «ቁም! ማነህ?» ይላል፤ የይለፍ ቃሉን ያወቀ ያልፋል፣ ያላወቀ ይያዛል። የመኪና ቁልፍ ታሪክም ይህን ዘብ የማስተማር ታሪክ ነው። ዘቡ «ማነህ?» ማለትን የተማረው በብዙ ጉትጎታ፣ በሕግና በመድን ድርጅቶች ግፊት ነበር። ገና በቅጡ ሳይለምደው ደግሞ ለባለቤቱ ምቾት ሲባል ጥያቄው «ቅርብ ነህ?» ወደሚል ተለወጠ። የሶሊሀሉ መኪና ዘብ የጠየቀው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ላይ ዘብ የሚባል ነገር አልነበረም። የጥንቱ መኪና በማኖቬላ እየተዘወረ ይነሣ ስለነበር ለመስረቅ ከድፍረት ሌላ የክንድ ጉልበትም ይጠይቅ ነበር። ካዲላክ በ1912 ሞተሪኖ የተገጠመለት መኪና ሲያወጣ ይህ ድካም ቀረ፤ ለባለቤቱም ቀረ፣ ለሌባውም ቀረ። ፎርድ ከ15 ሚሊዮን በላይ ላመረተው ሞዴል ቲ ቁልፍ ሲያበጅለት ደግሞ የቁልፎቹ ዓይነት 24 ብቻ ነበር፤ ከ51 እስከ 74 የሚል ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። 24ቱን በአንድ ቀለበት አሥሮ የሚዞር ሰው መንገድ ላይ ያገኘውን ባለ ቁልፍ ሞዴል ቲ ማስነሣት ይችላል ማለት ነው። በ1919 የአሜሪካ ኮንግረስ የተሰረቀ መኪናን ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ማሻገር የፌዴራል ወንጀል እንዲሆን ደነገገ፤ ሕጉ በአርቃቂው በሚዙሪው ተወካይ ስም የዳየር ሕግ ይባላል። ሕግ አውጪዎቹ ሌባውን ተመለከቱ እንጂ መኪናውን አልተመለከቱም። የመኪናው አሠራር የአምራቹ የግል ጉዳይ ነበርና።

ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ተጠያቂው ባለቤቱ ሆነ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ የተካሄደ የማስታወቂያ ዘመቻ ሾፌሮችን መኪናህን ቆልፍ፣ ቁልፍህን ይዘህ ውረድ፣ ደህናውን ልጅ ክፉ እንዲሆን አታግዘው እያለ ይመክር ነበር። መኪናውን ሳይቆልፍ የሄደ ሰው የተሰረቀ ብቻ አይደለም፤ የሰው ልጅ አበላሽቷል ተብሎ ይወቀሳል። በዚያው ዘመን የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ሌላ መንገድ ያዘ። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ማንኛውም መኪና መሪውን የሚቆልፍ ብረት እንዲገጠምለት አስገደደ፤ ስርቆቱም ቀነሰ። አሜሪካ ከጃንዋሪ 1970 ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። ምክርና ብረት ጎን ለጎን ቢመዘኑ የትኛው እንደሚከብድ ያኔውኑ ታይቶ ነበር። ትምህርቱ ግን ቶሎ ተረሳ።

የብረት ቁልፍ «ማነህ?» አይልም። ጥርሱ ከገጠመ ይዞራል፤ ካቻቢቴም በኃይል ከገባበት ይዞራል። የማስጠንቀቂያ ጡሩምባውም ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚሰማ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ለውጥ የመጣው ቁልፉ መናገር ሲጀምር ነው። በ1982 የፈረንሳዩ ሬኖ ፉዌጎ በተባለው ሞዴሉ ላይ ከርቀት በር የሚከፍት ቁልፍ ገጠመ። ፈጣሪው ፖል ሊፕሹትዝ ነበርና ከስሙ ተቆንጥሮ «ፕሊፕ» ተባለ፤ ፈረንሳውያን ዛሬም ድረስ ሪሞቱን እንዲያ ይሉታል። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሪሞቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ነበር የሚናገሩት። ሪሞቱ በሬዲዮ ሞገድ መሥራት ሲጀምር ደግሞ መቅጃ ይዞ በመኪና ማቆሚያ የሚያደባ ሌባ ያን ቃል አንዴ ከቀዳው በኋላ ባሻው ጊዜ መልሶ ሊያሰማው ይችላል። የይለፍ ቃሉን ሌሊቱን ሙሉ ጮክ ብሎ እንደሚደጋግም ወታደር ነው።

ለዚህ ችግር በሰፊው የተሠራበት አንዱ መፍትሔ የተገኘው በደቡብ አፍሪካ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ናኖቴክ በተባለ ኩባንያ ኪሎክ የተባለ የምሥጢር አጻጻፍ ስልት ተቀመረ፤ በ1995 ማይክሮቺፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ገዛው፤ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ባሉ የመኪናና የጋራዥ በሮች ውስጥ ገባ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ቁልፉና መኪናው አንድ ምሥጢር ይጋራሉ፤ ሁለቱም ይቆጥራሉ። ቁልፉ በተጫኑት ቁጥር ቆጠራው በአንድ ይጨምርና ከምሥጢሩ ጋር ተቀላቅሎ አዲስ ቃል ይወጣል። መኪናው ያለፈውን ቃል ዳግመኛ አይቀበልም። የዛሬ የይለፍ ቃል ነገ አይሠራም። ስልቱ ፍጹም አልነበረም፤ በ2008 በጀርመን የቦሁም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቺፑ ሲሠራ የሚበላውን የኤሌክትሪክ ኃይል እየለኩ ምሥጢሩን አወጡት። ቢሆንም መቅጃ ይዞ የሚያደባውን ተራ ሌባ ለብዙ ዓመታት ከሥራ አስወጥቶታል።

ሪሞት የሚጠብቀው በሩን ብቻ ነው። መስታወት ሰብሮ የገባ ሰው ሽቦ አገናኝቶ ሞተሩን እንዳያስነሣ ምን ይከለክለዋል? ጄኔራል ሞተርስ በ1986 ለኮርቬት ያበጀው ቁልፍ በላዩ ትንሽ የኤሌክትሪክ ተከላካይ ነበረበት፤ መኪናው የተከላካዩን መጠን ለክቶ ካልገጠመው አይነሣም። የመጠኑ ዓይነት 15 ብቻ ነበር። ከሞዴል ቲ 24 ቁልፎች ጋር ሲነጻጸር እንኳ ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል፤ ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር። ዘቡ ከበሩ ወደ ሞተሩ ተዛወረ።

ሐሳቡ የበሰለው በ1990ዎቹ በጀርመን ነው። የበርሊን ግንብ ፈርሶ ድንበሩ ሲከፈት የመኪና ስርቆት ናረ፤ ካሣ መክፈል የሰለቻቸው የመድን ድርጅቶችም አምራቾቹን ወጥረው ያዙ። ኢሞቢላይዘር የሚባለው መሣሪያ በሰፊው የገባው ያኔ ነው። በቁልፉ ፕላስቲክ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቺፕ አለች፤ ባትሪ የላትም። ቁልፉ ማስነሻው ውስጥ ሲገባ በዙሪያው የተጠመጠመ ሽቦ ኃይል ይሰጣታል፤ ወዲያውም መኪናው አንድ ቁጥር በዘፈቀደ መርጦ ይልክላታል። ቺፗ ቁጥሩን ከምሥጢሯ ጋር አስልታ ትመልሳለች፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም በራሱ ስሌት ያመሳክራል። ካልገጠመ ሞተሩ ነዳጅ አያገኝም፤ ሽቦ ማገናኘት ፋይዳ የለውም። ጥያቄው በየጊዜው ስለሚለያይ ትናንት የተቀዳ መልስ ለዛሬ አይሆንም። «ማነህ?» ማለት ይህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከኦክቶበር 1998 ጀምሮ ኢሞቢላይዘር የሌለው አዲስ መኪና እንዳይሸጥ አገደ። ውጤቱን በኔዘርላንድስ የመረመሩት ያን ቫን ኦውርስና ቤን ፎላርድ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1995 እስከ 2008 ባለው ጊዜ መሣሪያው የመኪና ስርቆትን በአማካይ 40 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አስልተዋል። ሌቦቹ ፊታቸውን መሣሪያው ወደሌላቸው አሮጌ መኪኖች ማዞራቸውንም አልደበቁም፤ 40 በመቶው ይህንን ሁሉ ቀናንሶ የተገኘ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖሊስ በዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተሰረቀ መኪና ይመዘግብ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ቁጥሩ ከ100 ሺህ በታች ወረደ። ለዚህ ያህል ለውጥ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ዋናው ይህ መሆኑን ግን የሚጠራጠር ጥቂት ነው።

ቺፗም ብትሆን የማትደፈር አልነበረችም። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 አንዱን ታዋቂ ዓይነት ሰብረው አሳዩ። በ2013 ደግሞ ቮልስዋገን ሜጋሞስ የተባለው ቺፕ ድክመት የተገለጠበት ጥናት እንዳይታተም ከለንደን ፍርድ ቤት እግድ አወጣ። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ለቺፑ አምራች ቀደም ብለው ነግረው ነበር። ጥናቱ የታተመው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2015 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ድክመቱን የማያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነበር ቢባል ሩቅ አይደለም።

ዘቡ ሥራውን እየተካነ ባለበት በዚያው ዘመን ምቾት መጣ። የ1993ቱ ኮርቬት ባለቤቱ ሲቀርብ በሩን በራሱ ከፈተ። መርሴዲስ ሞተር ማስነሣትን ጨምሮ ኪለስ ጎ ያለውን ሥርዓት በ1990ዎቹ መጨረሻ አመጣ። በሁለት እጁ ዘምቢል የያዘ ሰው፣ ልጅ ያቀፈች እናት፣ በዝናብ ውስጥ ኪሱን የሚበረብር ሽማግሌ ሁሉ ተገላገሉ፤ ይህን ማቃለል ተገቢ አይደለም። የምሥጢሩም ስሌት አልላላም። ያለ ቁልፍ የሚከፈት መኪና እንደ ኢሞቢላይዘሩ ጥያቄ ይልካል፣ ስሌት ይቀበላል፣ ያመሳክራል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ቀድሞ ቁልፉን አውጥቶ ማስነሻው ውስጥ የሚከት የሰው እጅ ነበረ፤ አሁን የእጁን ቦታ ግምት ተካው። መኪናው የሚልከው የመቀስቀሻ ሞገድ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ብቻ የሚሄድ ደካማ ሞገድ ነው፤ ስለዚህ ቁልፉ ከሰማ ቅርብ ነው ተብሎ ይገመታል። መስማት መቅረብ ሆኖ ተቆጠረ።

የዚህ ግምት ደካማነት ከመኪናው በፊት ይታወቅ ነበር። የሒሳብ ሊቁ ጆን ኮንዌይ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንዲት ትንሽ ልጅ ይተርካል። ልጅቱ ቼዝ (በድሮው የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ሰንጠረዥ ተብሎ በራሱ ሕግ ይታወቅ የነበረው) በቅጡ አታውቅም፤ ግን ሁለት የዓለም ሊቃውንትን በአንድ ጊዜ ትገጥማለች፣ አንዱን በነጭ፣ ሌላውን በጥቁር። ያደረገችው የአንዱን እርምጃ ለሌላው ማቀበል ብቻ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት ሳያውቁ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ ልጅቱም ወይ አንዱን ታሸንፋለች ወይ ከሁለቱም አቻ ትወጣለች። በሶሊሀል ሊቃውንቱ መኪናውና ቁልፉ ነበሩ። መኪናው አጠገብ የቆመው ሰው የመቀስቀሻውን ሞገድ ተቀብሎ ለጓደኛው ያስተላልፋል፤ ጓደኛው ከግድግዳው ማዶ ላለው ቁልፍ ያሰማዋል፤ ቁልፉም ባለቤቱ መኪናው በር ላይ የቆመ መስሎት በእውነት ይመልሳል። ሌቦቹ ምሥጢሩን አያውቁትም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም።

በዙሪክ የሚገኘው ኢቲኤች የተባለው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ኦሬሊየን ፍራንሲዮን፣ ቦሪስ ዳኔቭና ስርጃን ቻፕኩን፣ በ2011 ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ በስምንት አምራቾች 10 ሞዴሎች ላይ ሞክሯል። አሥሩም ተከፈቱ። ከዚያ ጥናት እስከ ሶሊሀሉ ቪዲዮ ስድስት ዓመት ያልፋል። በእንግሊዝ መኪኖችን ለመድን ድርጅቶች የሚመረምረው ታቻም በ2019 ያለ ቁልፍ የሚከፈቱ መኪኖችን ደረጃ ማውጣት ሲጀምር ከገመገማቸው 11 አዳዲስ ሞዴሎች ስድስቱን ደካማ ብሏቸዋል። በእንግሊዝና ዌልስም ወርዶ የነበረው የስርቆት ቁጥር በዚያው ሰሞን ከ100 ሺህ በላይ ተመልሶ ወጣ።

እስከዚህ ያለውን የሰማ ሰው በደህናው ቁልፍ ብንቆይ ይሻል ነበር ሊል ይችላል። የአሜሪካው ታሪክ ይህን ያፈርሳል።

አሜሪካ መሪ የሚቆልፍ ብረትን በሕግ ብታስገድድም ኢሞቢላይዘርን አስገድዳ አታውቅም። ካናዳ ግን ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ አስገድዳለች። አብዛኞቹ አምራቾች በአሜሪካም በፈቃዳቸው ገጠሙት። ሀይዌይ ሎስ ዳታ ኢንስቲትዩት የተባለው የመድን ድርጅቶች ተቋም እንደመዘገበው በ2015 ሞዴሎች ላይ መሣሪያው በሌሎቹ አምራቾች መኪኖች 96 በመቶ ሲገኝ፣ በሀዩንዳይና በኪያ ግን 26 በመቶ ብቻ ነበር። በቁልፍ ዞረው የሚነሡት ርካሾቹ ሞዴሎች አልነበራቸውም። በአዝራር የሚነሡት፣ ማለትም ያለ ቁልፍ የሚከፈቱትና ዋጋቸው ከፍ ያለው፣ ነበራቸው። እንግሊዝ ውስጥ ባለጠጋውን ያጋለጠው ቴክኖሎጂ አሜሪካ ውስጥ የከፈለበትን ጠበቀ፤ ያልከፈለው በብረት ቁልፍ ቀረ።

የሚልዋኪ ወጣቶች ይህን ነቁበት። ከስልክ ቻርጀር ገመድ የማይበልጥ መሣሪያ እንደሚበቃ በ2022 በቲክቶክ ተሰራጨ፤ ስርቆቱም ከከተማ ከተማ ተዛመተ። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በፌብሩዋሪ 2023 ሲናገር ከዚህ ስርቆት ጋር የተያያዙ ቢያንስ 14 ግጭቶችና ስምንት ሞቶች ተመዝግበው ነበር። በዚያ ዓመት በአገሪቱ የተሰረቀው መኪና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። አንዳንድ የመድን ድርጅቶች በአንዳንድ ከተሞች ለእነዚህ ሞዴሎች አዲስ ውል አንገባም አሉ። የሲያትል ከተማ በጃንዋሪ 2023 ሁለቱን ኩባንያዎች ከሰሰች፤ ሌሎች ከተሞችም እንደዚሁ። በሲያትልና በዋሽንግተን አካባቢ በታክሲና በኡበር ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሰው መኪናው የሚሄድበት ብቻ አይደለም፤ የሚያድርበት እንጀራ ነው። ጠዋት ተነሥቶ ባዶ ቦታና የመስታወት ስብርባሪ ሲያገኝ የሚያጣው የዕለቱን ገቢ ጭምር ነው፤ አዲስ መድን የሚጠየቀውም እሱው ነው።

ኩባንያዎቹ ለ8.3 ሚሊዮን መኪኖች የሶፍትዌር ማሻሻያ አዘጋጁ፤ በዚያው ዓመት 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል በሚገመት ስምምነት የባለቤቶችን ክስ ለመጨረስ ተስማሙ። ማሻሻያው የተጫነላቸው መኪኖች ስርቆት በግማሽ ያህል መቀነሱን ያው የመድን ተቋም በ2024 አስታውቋል። ማሻሻያው የሚሠራው ግን ባለቤቱ በሪሞቱ ቆልፎ ከወረደ ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት የነበረው ምክር በሌላ በር ተመልሶ መጣ፤ ቆልፈህ ውረድ።

ለ«ቅርብ ነህ?» ጥያቄም የሚሆን መልስ አለ፤ መልሱም አዲስ አይደለም። ስቴፋን ብራንድስና ዴቪድ ቻውም በ1993 ማለትም ከዚያ ኮርቬት ጋር በአንድ ዓመት ባቀረቡት ጽሑፍ ርቀትን በሞገድ ጉልበት መገመት ትታችሁ በጊዜ ለኩት ብለው ነበር። የሬዲዮ ሞገድ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ሊፈጥን አይችልም። ሌባ ሞገዱን ሊያጎላው ይችላል፤ ሊያፈጥነው አይችልም። መልሱ የዘገየ ቁልፍ ሩቅ ነው። እንዲህ ያለውን ቅንጣት ጊዜ የሚለካ ርካሽ ቺፕ ያኔ አልነበረም፤ ዛሬ አልትራ ዋይድባንድ በሚባለው የሬዲዮ ዘዴ በስልኮች ውስጥ ሳይቀር አለ። ጃጓር ላንድሮቨር ከ2018 ገደማ ጀምሮ ወደ መኪኖቹ አስገብቶታል፤ አምራቾች በጋራ የሚመሩበት የዲጂታል ቁልፍ ደንብም በ2021 ተቀብሎታል። ፎርድ በ2019 ለአንዳንድ ሞዴሎቹ የመረጠው ቀለል ያለ ዘዴ ነው፤ ቁልፉ 40 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ይተኛል፣ የተኛ ቁልፍም ለማንም አይመልስም።

እነዚህን መኪኖች በእንዲህ ያለው መንገድ መስረቅ ይበልጥ አዳጋች ነው። ሌቦች ግን ዘቡን በመጠየቅ ፈንታ ከጀርባው መዞር ጀምረዋል። በ2022 በለንደን የአንድ የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያ ቶዮታ ራቭ ፎር ጠፋ፤ ሰውዬው ሲመረምር ሌቦቹ የፊት መብራቱን ሽቦ ይዘው ወደ መኪናው ውስጣዊ የመልእክት መስመር መግባታቸውን ደረሰበት። መሣሪያው በተራ የሙዚቃ ማጫወቻ ድምፅ ማጉያ ቅርፊት ተደብቆ ይሸጥ ነበር። ለበሮቹና ለሞተሩ «ትክክለኛው ቁልፍ መጥቷል» የሚል መልእክት ያስተላልፋል፤ የውስጥ መስመሩ ደግሞ ከውስጥ የሚመጣን ድምፅ «ማነህ?» ብሎ አያውቅም።

የብሪታንያ መንግሥት በ2025 ለፓርላማ ባቀረበው ረቂቅ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን መያዝና መሸጥ ወንጀል እንዲሆን ጠይቋል። በለንደን ውድ መኪና የገዙ ሰዎች ቁልፋቸውን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከድነው ያድራሉ፤ ብረት ሞገድ አያሳልፍምና። በ2023 በሚልዋኪ ፖሊስ ለሀዩንዳይና ለኪያ ባለቤቶች በነፃ ሲያድል የነበረው መሪ ላይ የሚታሠር የብረት ዘንግ ነው። ያው ዘንግ ዛሬ ለንደን ውስጥ በስልክ በሚከፈቱ መኪኖች መስታወት ውስጥም ይታያል፤ ከሩቅ እንዲለይ ደማቅ ቢጫ ቀለም ተቀብቶ።